ደንገጎን ተሳቢ ይዞ ለመውረድ፦ የፒክአፕ ምርጫችን እዚህ ደርሷል

ጀመዓ ሰላም ነው? ለቁልቢ ጉዞ የምንሠራው ተሳቢ ብየዳው አልቆ ቀለም ላይ ነው ያለው፣ ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያ፣ 100 ሊትር የውሃ ታንከር፣ በቃ ይሄው ነው። አሁን ጣጣው የሚጎትተው መኪና ነው። ደላላው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ጉልበት ነው፣ "ይሄ ቤት ነቅሎ ይሄዳል" ምናምን፣ አቦ መውጣቱንማ ይወጣል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬ ስንመለስ ምን እንደሚይዘው ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን አወቅን። ባዶውን የመኪና ሚዛን ላይ 900 ኪሎ ሆነ፣ ውሃ ፍራሽ ሲሊንደር ጀነሬተር ድንኳን ሲገባበት 1,300 ብዬ ያዝኩት። ከዛ የፋብሪካ ቁጥር ማገላበጥ ጀመርኩ። አዲሶቹ ሃይሉክስ 2.8፣ ዲ-ማክስ፣ ሬንጀር እስከ 3,500 ኪሎ የሚጎትቱ አሏቸው፣ የድሮው ቪጎ 3.0 ዲፎርዲ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ግን ከስር ማንም የማያነባት ነገር አለች፣ ይሄ ሁሉ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ከሌለው ለነዚሁ መኪኖች የሚፈቀደው 750 ኪሎ ነው፣ የኛ ደግሞ ባዶውን እንኳ ከዛ በላይ ነው! ከዛ ወዲህ ባለ 3,500ውን ማሳደድ ተውኩ፣ ለሱ የሚጨመረው ብር ተሳቢው ፍሬን ላይ ቢውል ይሻላል።

ፍሬኑም ዓይነት አለው። አንዱ በግፊት የሚሠራ ነው፣ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት ራሱ ፍሬኑን ይስበዋል። ገመድ ዝርጋታ አይፈልግም፣ ርካሽ ነው፣ በደወሌ የክፍያ መንገድ ብትሄድበት ደህና ነው። ደንገጎ ላይ ግን በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘህ ስትወርድ ተሳቢው ሙሉውን ቁልቁለት እየገፋህ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ የተሳቢው የፍሬን ሸራ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ) ሳይለቅ እየተፋተገ ይግላል ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ኤሌክትሪኩ በማርሽ ስትወርድ ዝም ይላል፣ ፔዳል ስትረግጥ ነው የሚይዘው፣ ጋቢና ውስጥ ባለች ትንሽ መቆጣጠሪያም ተሳቢውን ለብቻው ማስያዝ ይቻላል። ተሳቢ ኋላው መወዛወዝ ሲጀምር የሚያድንህ ይሄ ነው፣ ጋዙን ለቀህ መሪውን ቀጥ አድርገህ ተሳቢውን ብቻ ታስይዛለህ፣ የመኪናውን ፍሬን ድንገት ከረገጥክ ግን ከኋላ መጥቶ ያጥፍሃል።

መወዛወዙ ከየት ይመጣል ብትሉኝ አብዛኛው ከአጫጫን ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው (መኪናው ኋላ ያለው መጎተቻ) ላይ ማረፍ አለበት፣ ኋላው ከከበደ መኪናውን ጭራ አድርጎ ነው የሚያወዛውዘው። እኛ የእህል ሚዛን ተውሰን ከተሳቢው ምላስ (ጋንቾው ላይ ከሚገጥመው የፊት ብረት) ስር እንጨት ደርድረን ልክ መኪና ላይ በሚቆምበት ከፍታ አስቀመጥነው፣ 70 ኪሎ አነበበ። ታንከሩ ኋላ በሩ ጋ ነበር፣ ወደ ፊት አልጋው ስር ስናዞረውና ውሃ ስንሞላው 140 ሆነ፣ ይሄ ይበቃናል።

ይቺ 140 ደግሞ ዞራ መኪናው ላይ ነው የምትቆጠረው። ደብል ጋቢና አምስት ሰው ሲጭን 350 ኪሎ በለው፣ ኋላው ላይ የብረት ካኖፒና ሁለት መለዋወጫ ጎማ ስትጨምር ሳታስበው ሞልቷል። ባሌስትራ መጨመር መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የተፈቀደለትን ጭነት አይጨምርለትም፣ አክስሉም ፍሬኑም ጎማውም ያው የድሮው ነው፣ ይሄን ለጓደኞቼ ማስረዳት ከመኪናው ፍለጋ በላይ አድክሞኛል።

ሞተር ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ቱርቦ የሌላቸውን አሮጌዎቹን የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ስሪኤልና ፋይቭኤል ሰርዣለሁ፣ እነሱ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣሉ፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው ሐረማያ 2,000፣ ያውም ሞተሩ ከድሬ ሙቀት ተነስቶ ነው ዳገቱን የሚጀምረው። ቱርቦ ያለው ብዙም አይሰማውም። ራዲያተሩ ግን ንጹህ ይሁን።

ያየናቸው መኪኖች ላይ በጣም የገረመኝ ጋንቾው ነው። አንዱ ቪጎ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ፓራውልቱ ላይ ተበይዷል፣ ሻንሲውን የነካ ብሎን የለም፣ ባለቤቱ ደግሞ "ጀልባ ጎትቼበታለሁ" ይለኛል፣ በየት ባህር እንደሆነ እንጃ። ጋንቾ ሻንሲ ላይ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ ኳሱም ከተሳቢው አፍ ጋር ልክ መሆን አለበት፣ የኛ 50 ሚሊ ነው። ሰንሰለት ደግሞ ሁለት፣ ከምላሱ ስር ተጠላልፎ፣ ኳሱ ቢያመልጥ ምላሱ አስፋልት ሳይነካ እላዩ ላይ እንዲያርፍ።

እና አሁን ልባችን ያለው አንድ ማንዋል ቪጎ 3.0 ላይ ነው፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ፣ ሻንሲው ያልተበየደ፣ ባለቤቱም ኢንጀክተሩን አስፈትሾ የሚሰጥ ሰው ነው። ከሐምሌ 19ኙ የቁልቢ ንግስ በፊት ሙሉ ጭነት ይዘን ሰው ሳንጭን ደንገጎን ወጥተን እንወርዳለን፣ ታች ስንደርስ ታምቡሮቹን አራቱንም እጄን ጠጋ አድርጌ ነው የማያቸው፣ የመኪናውን ሁለቱን የተሳቢውን ሁለቱን። የቀረን የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው አክስል ማግኘት ነው፣ ድሬም ሐረርም ጅጅጋም ቢሆን የሚያስመጣ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ 1,500 ኪሎ የሚሸከም ይበቃል።