አህያዋ፣ ፍራሼና ፓውሊ

ሁሉም ነገር የተሰራበት አተም አብዛኛው ባዶ ነው የሚል ሰው ሐረር ጀጎል ውስጥ ፍራሽ ተሸክሞ አያውቅም።

"ዴሊቨሪ አለን" ያለኝ ሻጭ ዴሊቨሪው ለካ እስከ ሸዋ በር ነው፣ "ከዚህ ወዲያ ባጃጅ አይገባም ወንድም" ብሎ ፍራሹን ግንቡ ላይ አስደግፎልኝ እብስ አለ፣ ብሩን ግን ሙሉውን ነው የተቀበለኝ። ፊዚክስ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ከኋላ ያዘልኝ። ጠባቧ መንገድ መሀል ስንደርስ ከወዲያ እንጨት የጫነች አህያ፣ ከኋላዋ አንዲት እናት።

"ልጄ፣ ተመለስ።"

"እናቴ፣ አህያዋ ትመለስ።"

"አህያ ወደኋላ ስትሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

ምን ልበል። ስፖንጅ አይደል ይጨመቃል ብዬ ገፋሁ፣ ተጨመቀ ተጨመቀና እንጨቱና ግንቡ መሀል ተወትፎ ቀረ፣ እኔም አብሬው። ይሄኔ ያ ልጅ ከኋላ ሌክቸር አይጀምርም! አተም ባዶ ቢመስልም ቁስ በቁስ ውስጥ አያልፍም፣ አተሙ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ይገፋፋሉ፣ ዋናው ግን ፓውሊ የሚባል ፊዚሲስት በ1925 ያወጣው ህግ ነው፣ ሁለት ኤሌክትሮን በአንዴ አንድ አይነት ሁኔታ ውስጥ አይገቡም፣ ቁስ እንዲህ ጸንቶ የሚቆመው በዚህ እንደሆነ ዳይሰንና ሌናርድ የሚባሉ ሊቃውንት በ1967 በሂሳብ አረጋግጠዋል ይለኛል። አንተ ግፋ እንጂ! ፓውሊ ለዚህ ህጉ በ1945 ኖቤል ተሸልሟል አሉ፣ የሐረርን ፔጆ ታክሲ ከነተሳፋሪው ቢያይ ሽልማቱን ይመልስ ነበር።

አህያዋ ደግሞ ፍራሼን መብላት ጀመረች። የምሬን ነው። ላስቲኩን በጥርሷ ሳብ አድርጋ ቀደደችና መዳፍ የሚያክል ቢጫ ስፖንጅ ገንጥላ፣ ሰርግ ላይ እንደተጋበዘች የሙሽራ አክስት ተረጋግታ፣ አይን አይኔን እያየች ታላምጣለች። አንድ እጄ ከላይ አንድ እጄ ከታች ተቀርቅሮ እሽ እንኳን ማለት አልቻልኩም፣ ትንፋሽ የት አለና። ዋጠችው! እኔ ገና ያልተኛሁበትን! ደገመች። ህፃናቱ "ብዪው! ብዪው!" እያሉ ያጨበጭባሉ፣ ቱሪስቶቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ አስጎብኚው ባህላዊ ነው ሳይላቸው አይቀርም።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤት የግቢውን በር ከፍቶልን ፍራሹን ወደዛ ወሽቀን አሳለፍናቸው። እናትየው ሲያልፉ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "ሆዷን ካመማት አንተን ነው የምይዘው።"

አከራዬ ቀዳዳውን አይታ አይጥ ነው ብላ ድርቅ አለች፣ አህያ ነው ብላት ማን ሊያምነኝ፣ ድመት አምጥታብኛለች። ድመቷ ፍራሹ ላይ ትተኛለች፣ እኔ ምንጣፉ ላይ።