ኪሴ ውስጥ የገባችው የሮማ ጥንቸል

መጀመሪያ ሳያት ቆርኪ መስላኝ ነበር። ምስራቅ እንግሊዝ ውስጥ ገና በታረሰ ማሳ ላይ ነን። እንደኔው አርኪዮሎጂ ከሚወዱ ሰዎች ጋር ተሰልፈን፣ መሬት መሬቱን እያየን እንሄዳለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ አረንጓዴ ነገር አየሁና አነሳሁት። ቆሻሻ ነው ብዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ፣ ከቁልፎቼ ጋር ከተትኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ የማሳውን ባለቤት እናስፈቅዳለን። ከዚያ ማሳውን በየ20 ሜትሩ በመስመር እንከፍለዋለን። ሁሉም በየመስመሩ እየሄደ ያገኘውን ገልና ምስማር ይለቅማል፤ ከረጢቱ ላይ ቦታውን ይጽፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከገል ሌላ ይሄ ነው የሚባል ነገር አግኝቼ አላውቅም። ገሉንም ቢሆን እወደዋለሁ፤ በተለይ ሮማውያን ከዛሬዋ ፈረንሳይ ያስመጡት የነበረውን የሚያብረቀርቅ ቀይ ሸክላ።

ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ቁልፌን አወጣሁ። ያ "ቆርኪ" አብሮ ወጣ። ጭቃው ረግፎለት ጆሮ ይታያል። ወደ ኋላ የተኙ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች፣ የተወጠረ ጀርባ፣ የምትሮጥ ጥንቸል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። የቡድናችን አንጋፋ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩዋት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "የት ጋ ነው ያገኘሻት?"

መልስ አልነበረኝም።

ሮማውያን እንዲህ ያለውን ብሮሽ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ፣ ፊቡላ ይሉታል። ሥራው የመርፌ ቁልፍ ሥራ ነው፤ ካባን ትከሻ ላይ ይይዛል። ብሪታንያን ከ43 እስከ 410 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲገዙ፣ በተለይ በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእንስሳ ቅርጽ ይሠራ ነበር፦ ጥንቸል፣ ውሻ፣ ዳክዬ፣ ፈረስ ከነጋላቢው። ነሐሱ ላይ በተቦረቦረው ቦታ ባለቀለም የብርጭቆ ዱቄት ሞልተው በእሳት ያቀልጡታል። የኔዋ ሰማያዊ ነበረች። ከሰማያዊው አንዷ ጫፍ አዲስ ስብራት ነበራት። ከ1,800 ዓመት ያህል የተረፈውን የኔ ቁልፍ ሰበረው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቦታው ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ፈረስና ጋላቢ ያለባቸው ብሮሾች አንዳንድ ቤተ መቅደሶች በነበሩበት ቦታ በብዛት ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች ለአማልክት የተሰጡ ስለቶች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ያሰቡት ከዚህ ተነስተው ነው። ቦታው ባይመዘገብ ኖሮ እነዚያ ሁሉ ተራ ጌጥ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ቁጭ ብዬ አስታወስኩ። እሷን ካነሳሁ በኋላ ወዲያው አንድ ቀይ ገል አግኝቼ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቦታው በተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ነው። በዚያ ተነስተን ግምት ያዝን። ግምት ግን ግምት ነው። የእንግሊዝ ካርታ ላይ ባለ 10 አሃዝ የቦታ ቁጥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያሳያል፤ ባለ 6 አሃዝ 100 ሜትር በ100 ሜትር። የኔዋ ጥንቸል በ6 አሃዝ ተመዘገበች።

የመዘገበቻት ባለሙያ በብሪቲሽ ሙዚየም ሥር ያለው የቅርስ ምዝገባ ፕሮግራም ሠራተኛ ናት። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ያገኟቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች እዚያ ሰፍረዋል። አልተቆጣችኝም። እንዳላጥባት፣ እንዳልፈትጋት ነገረችኝ። ክዳን ባለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምናገኛት እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አስቀመጠቻት። ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ነሐስ እርጥበት ካገኘው እንደ ዱቄት ሊረግፍ ይችላል።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ።

"ጥንቸል? ጥንቸል ደግሞ ደረት ላይ ይደረጋል እንዴ ልጄ?"

ጁልየስ ቄሳር ስለ ብሪታንያ ሰዎች የጻፈውን ነገርኳት፤ ጥንቸል፣ ዶሮና ዝይ መብላት ነውር ነው ይሉ እንደነበር፣ ለደስታቸው ብቻ ያረቧቸው እንደነበር። ይህ ከብሮሿ በፊት 200 ዓመት ገደማ ነው።

"እነሱም ጥንቸል አይበሉም ነበር?" አለች። ዝም አለችና፣ "እንግዲያው ዘመድ ናቸው። ዶሮውስ ግን ምን አደረጋቸው?"

በቀጣዩ መኸር ወደዚያው ማሳ ተመለስን። ጂፒኤስ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሄጄ ሁለት ገልና አንድ ምስማር አገኘሁ። ሦስቱም ባለ 10 አሃዝ ናቸው።