ቡፌውን ሁለቴ ቀባሁት፦ ከነሐሴ እስከ ሰኔ ከቀለምና ከአበባ ጋር

ሰላም ወዳጆቼ! አሮጌ የቤት ዕቃ እያነሳሁ ቀለም መቀባት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን አንድ ቡፌ፣ አንድ ኮመዲኖ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ጨርሻለሁ። የምሠራው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ቦታዬ የኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ናት። ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር ስላለው የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ብዙውን የማወራው ስለ ቡፌው ነው። የእማዬ ቡፌ ነው፣ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ታች ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን፣ መሀል ላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ሰፊ ገጽ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጀርባው የተሸፈነ ክፍት መደርደሪያ አለው። አካሉ ዋንዛ ነው፣ በሮቹና ጀርባው ኮምፔንሳቶ። ቫርኒሹ ተላልጦ፣ የመሳቢያው እጀታ ወልቆ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ጆንያ ተደግፎበት ነበር ያገኘሁት። ወስጄ ልቀባው ነው ስላት እማዬ ደነገጠች። «ዋንዛ ላይ ቀለም? ሰው ዋንዛ አጥቶ ችፑድ ይገዛል፣ አንቺ ያለሽን ልትሸፍኚው ነው?» አለችኝ። ሁለት ቡና ጠጥተን ተስማማን፦ ሰፊው ገጽ ዋንዛነቱ እየታየ ይቀራል፣ ሌላው ይቀባል። አሁን ሳየው፣ ያ የእሷ ሐሳብ ባይኖር ኖሮ ቡፌው ግማሽ ውበቱን ያጣ ነበር።

የመጀመሪያው ምርጫዬ ቢጫ ነበር። አዲስ ዓመት እየመጣ ነው፣ አደይ አበባ ሊፈነዳ ነው፣ ቤቱም አደይ አደይ ይበል ብዬ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የዘይት ቀለም ገዝቼ ጀመርኩ። ዝናቡ በየቀኑ ይወርዳል፣ በረንዳው እርጥብ ነው፣ እኔ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ላደርስ ቸኩያለሁ። የዘይት ቀለም በደህና አየር እንኳ በአንዱና በሁለተኛው ቅብ መካከል አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ በክረምት ብርድና እርጥበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በማግስቱ ነካ ሳደርገው ጣቴ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛውን ግን ደረብኩበት። ከሁለት ቀን በኋላ የግራው በር ላይ ያለው ቀለም ልክ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ አገኘሁት። ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ገና ፈሳሽ ነው፣ በጥፍር ሲነኩት ቆዳው ይንሸራተታል። እንደምንም አስተካክዬ ለበዓሉ አደረስኩት።

መስከረም 1 ጠዋት አንድ እቅፍ አደይ ገዝቼ አፉ የተሸረፈ ጀበና ውስጥ አደረግኩና ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት። ታናሽ እህቴ ገባች፣ እንኳን አደረሰሽ ተባባልን፣ ቡፌውን አየችና «አበባው የታለ?» አለች። እውነትም የለም። ከኋላው ያለው ቢጫ ውጦታል። አበባው ከነሕይወቱ እዚያው ቆሞ ከሁለት ሜትር አይታይም።

መልሱ የመጣው እዚያው ቀን ነው። የጎረቤት ልጅ እንደ ልማዱ የሳለውን ሥዕል ይዞ መጣና ሰጠኝ። አደይ አበባ ነው የሳለው፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ ግን በሰማያዊ ሞልቶታል። ሥዕሉን ጀበናው አጠገብ አቆምኩት። የሱ አደይ ከበሩ ላይ ይታያል፣ የእኔ እውነተኛው አይታይም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ወቅቱ ራሱ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፣ የእኔ ሥራ እሱ የሚቆምበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመቀባቴ በፊት የምጠይቀው እላዩ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ነው።

ጥቅምት እስኪገባ ጠበቅኩ። ፀሐይ ወጣ፣ አየሩ ደረቀ፣ ቡፌውን እንደገና ፈታሁት። በሮቹን በካቻቢቴ አወለቅኩ፣ ብሎኖቹን በቡና ስኒ አጠራቀምኩ። የተሸበሸበውን ቀለም በስፓቱላ ፋቅኩት፣ ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ለስለስ ባለው በ220። የተቆረጠሙ ጠርዞችን በስቱኮ ሞላሁ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንስቼ አንድ ቀን አሳደርኩት። ይኼ ክፍል አሰልቺ ነው፣ ግን ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ነው። ቀለም መቀባቱ ራሱ ከጠቅላላው ጊዜ ሩቡን አይወስድም።

በዚህኛው ዙር በውሃ የሚሠራ የግድግዳ ቀለም ነው የተጠቀምኩት። ሽታው ጎረቤት አያስቸግርም፣ በሁለት ሰዓት ይደርቃል። ሆኖም የመጀመሪያውን ስስ ቅብ እንዳደረግኩ በዋንዛው ጠርዝ ላይ ቡናማ እድፍ ከሥር ብቅ አለ። ብደርብበት ተመልሶ ወጣ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋ በሩን ተሸክሜ ሄድኩ። ጋሼ ገና ከሩቅ አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ የእንጨቱ ጭማቂ ነው። ሽላክ ሳታጠጪው ስንት ቀለም ብትደራርቢበት እየበላው ይወጣል» አሉኝ። ሽላክ እንጨት የሚያሽግ ሙጫ ነው፤ በአልኮል የሟሟውን በጨርቅ ሁለቴ አጠጣሁት። እድፉ እስከዛሬ አልተመለሰም። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም በዋንዛ ላይ የምታስቡ ካላችሁ ይኼን አትዝለሉ።

ቀለሙን የቀላቀልኩት ራሴ ነኝ። ነጭ ላይ ሰማያዊ፣ ከዚያ በቡና ማንኪያ እየለካሁ ጥቁርና ትንሽ ቡናማ፣ ሰማያዊው ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውን ሰማይ አስቡ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። በውሃ የሚሠራ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል ካርቶን ላይ ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጠዋትም ማታ በአምፖልም እዩት። ደግሞ የሚበቃችሁን ሁሉ በአንዴ ቀላቅሉ፤ አልቆባችሁ ሁለተኛ ብትቀላቅሉ ያው ቀለም አይመጣም። እኔ ለጀርባው አነሰኝና ትንሽ ለየት ያለ ሆነ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ልዩነቱ ይታያል። ሦስት ስስ ቅብ፣ በየመሀሉ በ320 ቁጥር ቀስ ብሎ ማሸት፣ መጨረሻ ላይ መስተዋት የማይመስል ደብዛዛ ቫርኒሽ። ቫርኒሹን አትተዉት፤ ለግድግዳ የሚሆን ቀለም እንዲሁ ከቀረ የእጅ እድፍ ይይዛል።

ቡፌው ሲያልቅ ግን አደይ አልቋል! ኅዳር ላይ ነን። ከሰላሌ የመጡ ዘመዶች አንድ እፍኝ የገብስና የስንዴ ዛላ አመጡልኝ። በክር አስሬ ጨለማ ቦታ ዘቅዝቄ ሁለት ሳምንት ሰቀልኩትና ደረቀ፤ ፀሐይ ላይ ብታደርቁት ወርቃማነቱ ይነጣል። ሰማያዊው ፊት ሲቆም ልቤ ነው የሞላው። ከዚያ ከወር በኋላ ገጹ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ማየት ጀመርኩ። ነቀዝ ነው። ዛላውን በፌስታል አድርጌ ሦስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት፣ አራገፍኩትና መለስኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። አሁን ማንኛውም ፍሬ ያለው ነገር ቤቴ ከመግባቱ በፊት ፍሪዘር ይገባል።

ለገና የፈረንጅ ጽድ ቅርንጫፍና ትንንሽ ክብ ፍሬዎቹን ሰፊው ገጽ ላይ ዘረጋሁ። ጥቁር አረንጓዴው በዋንዛው ቡናማ ላይ በጣም ያምራል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። ሻማና ጧፍ ከሱ ራቅ አድርጉ፤ ሲደርቅ እንደ ጭድ ነው የሚነደው።

መደርደሪያው ሌላ ታሪክ ነው። መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፣ አምስት ስድስት ጊዜ የተቀባ። በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ (መርዛማው ብረት፣ ሊድ) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ የወጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ የድሮው ቀለም ውስጥ ምን እንዳለ ግን በዓይን አይታወቅም። የእርሳስ ብናኝ ደግሞ ለልጆች አእምሮ አደገኛ ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከርኩ ነው ያሸሁት፣ ማስክ አድርጌ፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስቤ። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ደረቁን አያሽ፣ አደራ። ሥራው ራሱ ቀላል ነበር፦ ነጭ ቀባሁት፣ አለቀ።

በርጩማዎቹን ጥቁር ቀይ ቀባኋቸው፣ ለፋሲካ። እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር ቄጠማው ነው። ቅዳሜ ማታ እርጥብ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ፣ በርጩማዎቹ እላዩ ላይ ሁለት ቀን ቆሙ። ሰኞ ስጠርግ የእግራቸው ጫፍ ላይ ቀለሙ እብጥ እብጥ ብሏል። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ከተቆረጠው ጫፉ ነው፣ እኔ ደግሞ ያንን ሳልቀባ ነው የተውኩት። ገልብጬ አሸሁት፣ ታቹን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጣሁት። ቄጠማ የሌለበት በዓል ስለማይታሰብ እግሩን ማጠንከር ነው ያለው። ለነገሩ ጀበናውም እንዲሁ ነው፤ ሸክላ ስለሚያልበው ከሥሩ ሳህን ካልተደረገ ክብ ምልክት ይተዋል። የዋንዛው ገጽ ላይ አንድ አለኝ።

በግንቦት መጨረሻ እማዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ቡፌውን ከቀባሁት ወዲህ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ብዙ አልተናገረችም። ዋንዛውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ክቡ ምልክት ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «ይኼን በቅባኑግ እሺው» አለችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ድሮ ሞሰብ ስትሰፋ የተረፋት ስንደዶና አክርማ ነው፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የተነከረ፣ እስካሁን ሳይፈታ እንደታሰረ። ማሰሪያውን ሳልነካ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት። ከሰማያዊው ፊት ሐምራዊው ትንሽ ይጠቁራል፣ ቀዩ ግን ፍም ነው የሚመስለው። እስከ መስከረም ቦታው የሱ ነው።

አሁን ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል። ዘንድሮ ክረምቱን ምንም አልቀባም። አንድ የመስታወት ፍሬም አለኝ፣ እሱን ቤት ውስጥ እያሸሁና ስቱኮ እየሞላሁ ጥቅምትን እጠብቃለሁ። ሰማያዊው ቡፌ አደይ አበባን ገና አላየውም። ጠዋት በጤዛ የተቆረጠውን ገዝቼ፣ የታች ቅጠሉን አራግፌ፣ ውሃውን በየቀኑ ልቀይርለት አስቤያለሁ፤ ባለፈው መስከረም ግን እንዲህ አድርጌም በአራተኛው ቀን ረገፈብኝ። ከዚያ በላይ ያቆየው ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ፣ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት።