እሁድን በጢሮስ

ቤይሩት የምትሠራ ሐበሻ እሁድ ዕረፍት ካገኘች ወይ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ወይ ዶራ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር። እኔ ግን ጢሮስን ማየት አማረኝ። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተነሡት ከዚያ ነዋ! ጓደኛዬ «ፍርስራሽ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» እያለች ተከተለችኝ።

ቤይሩት ካለው የኮላ መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ሳይዳ፣ ከዚያ በሌላ ወደ ሱር፤ አረቦቹ ጢሮስን እንዲህ ነው የሚሏት። ከቤይሩት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በስተቀኝ ባሕር፣ ከሳይዳ በኋላ ደግሞ የሙዝ እርሻ ነው።

አል-ባስ በሚባለው ቦታ የሮማውያን መቃብር፣ ትልቅ ቅስት በርና 480 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሰረገላ መወዳደሪያ አለ። የአባ ሰላማን ስም የያዘ ነገር ፈለግሁ፤ ዓይኔ አልገባም። ቅር አለኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ለጓደኛዬ ታሪኩን አወራኋት። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ መሮፕዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ልጆች ይዞ ሩቅ አገር ሄደ፤ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም የኋላውን አባ ሰላማን፣ እና ኤዴስዮስን። ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ፍለጋ በቆሙበት ወደብ መርከባቸው ተጠቃች፤ ሰዎቹ አለቁ። ልጆቹ ግን ዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኝተው ለአክሱም ንጉሥ ተሰጡ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፣ ፍሬምናጦስ የንጉሡን ሀብትና ጽሕፈት ያዘ።

«ታዲያ እንደኛ የሰው ቤት ገቡ በይኛ!»
«እንደኛማ ቢሆኑ የገንዘቡን ቁልፍ ማን ይሰጣቸው ነበር?»

ንጉሡ ሲሞት ነፃ ቢያወጣቸውም ንግሥቲቱ ልጄ እስኪያድግ አትሂዱብኝ ብላ ለመነቻቸው። ልጁ አደገ። ያኔ ኤዴስዮስ ቤተሰቡን ለማየት ወደ ጢሮስ ሲከንፍ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ የዚያን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን «ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ ላክለት» አለው። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔን የያዘኝ ኤዴስዮስ ነው። አባ ሰላማን ሐምሌ 26 እናስባቸዋለን፤ እሱን ማን ያስታውሰዋል? ግን ጢሮስ ገብቶ ቄስ ሆነ፣ ይህንን ሁሉ ለታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ የነገረው እሱ ነው። አገሩ ባይገባ ስለ ዛፉም ስለ መርከቡም ማን ይነግረን ነበር?

ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ስንወርድ ጓደኛዬ ምርጫዋን ነገረችኝ። «እኔ ኤዴስዮስን ነው የምመርጠው» አለች፣ «ማዳም ፓስፖርቴን ትስጠኝ እንጂ!»