የአንድ ደቂቃ ዝምታ

ዛሬ ስነሳ ጀምሮ ደብሮኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሄድፎኔን አድርጌ፣ ምንም ሳልከፍት፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ድሮ ሙዚቃ ለመስማት ነበር የማደርገው፤ አሁን ሰው እንዳያናግረኝ ሆኗል።

ደግሞ የቤት ሥራ አለብኝ። የምትኖሩበትን ክፍል ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ ተብለናል። ቀረጻ የወጣ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ዝም ይልና የክፍሉ ድምፅ ለብቻው ይቀዳል። ኋላ ኤዲት ላይ ንግግሩ ሲቆረጥ ክፍተቱ የሚሞላው በእሱ ነው። ሳይሞላ ከቀረ ድምፁ ድንገት እልም ይላል፤ የሰማው ሁሉ ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። የእኔ ክፍል ዝምታ ማቀዝቀዣው ነው። ሁለት ዓመት አብሮኝ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን ሌሊት ሲያቆም እነቃለሁ።

ጆን ኬጅ የሚባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1951 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ውስጥ ድምፅ ጨርሶ የማያስተጋባ ክፍል ገብቶ ነበር። ፍጹም ዝምታ ሲጠብቅ ሁለት ድምፅ ሰማ፤ አንድ ቀጭን፣ አንድ ወፍራም። ቀጭኑ የነርቭህ፣ ወፍራሙ የደምህ ዝውውር ነው እንደተባለ እሱ ራሱ ሲያወራ ኖሯል። የነርቩን ነገር ብዙም አላመንኩትም። ግን ሰው ከራሱ ጩኸት ማምለጫ የለውም የሚለውን አምናለሁ፤ በተለይ ካለፈው ሳምንት ወዲህ።

ያለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ያነጋገርኩበትን ቅጂ ኤዲት ለማድረግ ተቀመጥኩ። 40 ደቂቃ ነው። እሳቸው ጥሩ ይናገራሉ፤ ችግሩ እኔ ነኝ። «እህ»፣ «ልክ ነው»፣ «እሺ እሺ»። አንድም ዓረፍተ ነገራቸው ላይ ያልተቀመጥኩበት የለም። በቃላቸው ላይ ስለወጣሁ እኔን ልቁረጥ ብል እሳቸውም አብረው ይቆረጣሉ። ማይክ እንደ ጆሮ አይመርጥም፤ የእኔን ማጎብደድ ከእሳቸው ታሪክ ጋር እኩል አስቀምጦልኛል።

እሱስ ይሁን። 23ኛው ደቂቃ ላይ «ከዚያ በኋላ ግን…» ብለው ዝም አሉ። የድምፁን መስመር አጉልቼ አየሁት፤ ወደ አራት ሰከንድ ይሆናል። ትንፋሽ ይሰማል፤ ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ። ከዚያ የእኔ ድምፅ ይመጣል፦ ወረቀቴ ላይ ያለው ሰባተኛው ጥያቄ። ከዚያ በኋላ ምን? ስምንት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። እዚያ ትንፋሽ ውስጥ ያለው ነገር በመደጋገም አይወጣም።

መምህራችን አንድ ጊዜ አንድ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ድምፁን አጥፍተን እንድናይ አዘውን ነበር። መጀመሪያ አሰልቺ ነው። ቆይቶ ዓይኔ ጠያቂው ላይ ቀረ። እንግዳው ሲናገር በየመሐሉ ጠያቂው ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ አንገቱን በቀስታ እየነቀነቀ ይታያል፤ ሲያዩት ያሳዝናል፣ እንዴት ያዳምጣል! ግን የመስኮቱ ጥላ እንግዳው በኩል ግድግዳው መሐል ሲሆን፣ ጠያቂው በኩል ወለሉ ላይ ወርዷል። ጠያቂው ለብቻው ነው የተቀረጸው። አንድ ካሜራ ብቻ ሲኖር የተለመደ ዘዴ ነው አሉን፤ እንግዳው ተሸኝቶ ከሄደ በኋላ ካሜራው ወደ ጠያቂው ይዞርና ለባዶ ወንበር አንገቱን ይነቀንቃል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥላውን በማየቴ ለሦስት ቀን ያህል ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬ ነበር።

ትናንት ማታ ታላቅ እህቴ ደወለች። ገና ስትጀምር ድምጿ እንደሚያስተጋባ ሰማሁ። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ቤት ድምፅን ይውጣል፤ እንዲህ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመልሰው ባዶ ክፍል ነው። የእሷ ሳሎን ደግሞ በዕቃ የተጠቀጠቀ ነበር። ዕቃውን አውጥታዋለች? ሸጣዋለች? ወይስ ሌላ ቤት ናት? ከኋላዋ አንድ በር ተዘጋ፤ እንጨት ሳይሆን ብረት። በጣም ነው የተደሰትኩት፤ ጆሮዬ እንዲህ ሠልጥኖ!

«ታዲያ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«እሺ።»

«የምርህን ነው?»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ዝም አለች። ይህንን ዝምታ እንኳ አልረበሽኩትም፤ ተምሬያለሁ። ከዚያ «ተባረክ፣ አንተ ልጅ። አላሳፈርከኝም» ብላ ዘጋችው። መጨረሻዋ ላይ ድምጿ ትንሽ ሰበር ብሏል፤ እሱንም በደንብ ሰምቻለሁ።

ከተናገረችው ትዝ የሚለኝ «ቅዳሜ» የሚለው ብቻ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። አሁን ደውዬ ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?