«ሞቅ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት»

ሚስቴ ከቤት የምትወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ የልጆቹ ቁርስ የኔ ነው። እንዲህ መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት አለፈን። መጀመሪያ ሰሞን ቁርስ ማለት ለኔ ጥግ ካለው ሱቅ ዳቦ ገዝቶ ሻይ ማፍላት ነበር። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ዳቦውን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ባባ፣ ይሄ እኮ የትናንቱ ነው» አለችኝ። የዚያኑ ቀን ጠዋት የገዛሁት ነው። ግን ምን እላታለሁ? የትናንት ይመስላል።

ማታ ስልኬ ላይ የዳቦ አሠራር ፈለግኩ። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት ስለሆነ ንድፍ ማንበብ አያቅተኝም። ዳቦም እንደዚያው መሰለኝ። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳር። እንደተጻፈው አቦካሁ፣ አሸሁ፣ ሸፈንኩ። ጉድ የሠራችኝ ከዚያ በኋላ ያለችው መስመር ናት፦ «ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል አስቀምጡት።»

ወሪያ! ሞቅ ያለ ቦታ? ድሬዳዋ፣ ሰኔ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር? ቀን 35 ዲግሪ ሲል የዋለ ቤት እኮ ነው። እዚህ ከተማ ሞቅ ያላለ ቦታ ቢኖር እኔ ራሴ ሄጄ እቀመጥበት ነበር።

ያኔ ግን ይሄ አልታየኝም። ሊጡን ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ደጅ ወጣሁና ከጎረቤት ጋር ወሬ ያዝኩ። ስመለስ ሊጡ ሳህኑን ሞልቶ፣ አልፎ፣ የሸፈንኩበትን ፎጣ ተሸክሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሽታው ቁጭ ጠላ። ሰብስቤ ጋገርኩት እንጂ አልጣልኩትም፣ ዱቄት ውድ ነው። ላዩ ደህና ነበር። ውስጡ ጎምዛዛ ሆነ፤ ሲነሳ ፍርፍር፣ ሲታኘክ ድርቅ። ልጆቹ በትህትና አንድ አንድ ጊዜ ገመጡለት።

ያዳነችኝ ኡሚ የምንላት ጎረቤታችን ናት። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የሰፈሩ ሁሉ እናት ናት። (አንቺ የምላት ንቄያት አይደለም። ድሬ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም።) ዳቦውን አሳየኋት። በጣቷ ጫን አደረገችው፣ አሸተተችው።

«ውሃው ምን ነበር?»

«ለብ ያለ።»

«አቦ! ሊጥ ልታቦካ ነው ወይስ ሕፃን ልታጥብ? እዚህ አገር ሊጥ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። እርሾውም ቁንጥር።»

ቁንጥር ስንት ነው ብላት በጣቷ አሳየችኝ። ማንኪያ የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ ደግሞ ልኩን ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እርሾ አምጥቼ ቆንጥሪ አልኳት፤ የቆነጠረችውን ሻይ ማንኪያ ላይ አራገፍኩት። ሩብ ማንኪያ እንኳን በቅጡ አልሞላም። እኔ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ነበር የጨመርኩት። አስቡት እንግዲህ።

ነገሩ ቀላል ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ስኳሩን እየበላ አየር ያወጣል፣ ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚያ ነው። ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል፤ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። ስልኬ ላይ ያገኘሁት አሠራር የተጻፈው ማድ ቤቱ 20 ዲግሪ ለሆነ ሰው ነው። ያ ሰው ሞቅ ያለ ቦታ መፈለግ አለበት። የኛ ሊጥ ያው ሥራ በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። መፍጠኑ ደግሞ ትርፍ የለውም፤ የዳቦ ጣዕም የሚመጣው ሊጡ ቀስ ብሎ ሲቦካ ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ የዳቦ ጥበብ ሊጡን ማዘግየት ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት አወጣለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ውሃው ከፍሪጅ የወጣ ነው፣ 300 ሚሊ ሊትር። ፍሪጅ ውስጥ የሚያድር ከሆነ እርሾው አንድ የሻይ ማንኪያ። ፍሪጅ ለሌለው የኡሚ ቁንጥር ይበቃል፤ ሊጡ ውጭ ያድራል። አሥር ደቂቃ አሻለሁ፣ እጄ ላይ መጣበቁን እስኪተው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣና ዱቄት ይጨምራል። አትጨምሩ። ካስቸገራችሁ ሸፍናችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት፤ ስትመለሱ ራሱ ተስተካክሎ ይጠብቃችኋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳህኑን እከፍታለሁ። ሊጡ እጥፍ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ትናንሽ አረፋ አውጥቶ ይገኛል። እንቁላል እንቁላል እያሳከልኩ እቆርሳለሁ። በመዳፌ ጠፍጠፍ፣ ውፍረቱ አንድ ጣት። ኦቨን አልለኩስም። ወፍራም የብረት መጥበሻ አለን፣ እሱን በዝቅተኛ እሳት አግላለሁ፣ ዘይት የለም፣ ሊጦቹን ደርድሬ እከድናለሁ። አምስት ደቂቃ፣ ገልበጥ፣ እንደገና አምስት ደቂቃ። መብሰሉ የሚታወቀው ጎኑን በጣት ጫን ሲያደርጉት ተመልሶ ሲነፋ ነው። እሳቱ ከበዛ ፊቱ ጠቁሮ ሆዱ ጥሬ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ የበላነው እንዲያ ያለ ነው።

ትንሿ ልጄ ባዶውን አትበላም። ለእሷ ተምር አደርግበታለሁ። ተምር እዚህ ችግር አይደለም፣ ገበያው ሞልቷል፤ ለስላሳውን መምረጥ ነው። ፍሬውን አውጥቼ በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ በሹካ እጨፈልቀዋለሁ፣ የተወቀጠ ሄል ነስነስ። ጠፍጣፋው ሊጥ መሃል አንድ ማንኪያ አድርጌ ጠርዙን ሰብስቤ እዘጋና መልሼ ጠፍጠፍ አደርገዋለሁ። የተዘጋው ጎን ወደ ታች። ስኳር ሳይጨመርበት ጣፋጭ ነው። ከወተት ሻይ ጋር እኔም አልጠላውም፤ እውነቱን ለመናገር የሁለት ልጅ የሚበቃውን እኔ ብቻዬን የምጨርስበት ቀን አለ።

የተረፈ ሊጥ ካለ ቅዳሜ ቦምቦሊኖ ይሆናል። ስለ ቦምቦሊኖ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘይቱን ፈትሹ። ቁራጭ ሊጥ ጣል ስታደርጉ ወዲያው አረፋ ከብቦት ብቅ ካለ ልክ ነው። ታች ተኝቶ ከቀረ ዘይቱ ገና ነው፣ ቦምቦሊኖው ዘይት ይጠጣል። ገና እንደወደቀ ከጠቆረ ደግሞ እሳቱን ቀንሱ።

ኬክ ሌላ ታሪክ ነው። እህቴ አዲስ አበባ ነው ያለችው። የሷ የብርቱካን ኬክ የታወቀ ነው፤ ማሽን አይፈልግም፣ በሹካ ይመታል። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት ሩብ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ፣ ልጣጩ ተፍቆ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። እሷ ቤት እንደ ትራስ ነው። እኔ ቤት ጡብ ወጣ። ሁለት ጊዜ። ደውዬ «የደበቅሽው ነገር አለ» አልኳት፣ ተኳረፍን።

የደበቀችው ነገር አልነበረም። ልዩነቱ የከፍታ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ የዚያ ግማሽ፣ 1,200 ሜትር ገደማ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኬክ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ቤኪንግ ፓውደር ካበዙ ኬኩ ተነፍቶ ተነፍቶ ይወድቃል። ስለዚህ እህቴ በልምድ ቀንሳዋለች። እኔ ጋ ሲመጣ ያ አንድ ማንኪያ ያንሳል። ሁለት አደረግኩት፣ ኬኩ ኬክ ሆነ። እህቴን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ጡቡ ግን እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ትንሿ ስድስት ዓመት የሞላች ቀን ይሄን ኬክ ኦቨን ውስጥ ከተትኩ። 180 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ ይፈልጋል። ሃያኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ቤት ሙሉ ሕፃን አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው፣ ልክ እኔ ያጠፋሁት ይመስል። ከሰል አቀጣጠልኩ። ትልቁን ድስት አውጥቼ ታቹ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ነሰነስኩበት። አሸዋ ድሬ ላይ አያሳስብም፣ ደቻቱ ወንዝ ከውሃ ይልቅ አሸዋ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ ግን ታጥቦ ደርቆ የተቀመጠ መሆን አለበት። ፎርማውን አሸዋው ላይ አስቀምጬ ከደንኩና ክዳኑ ላይ ትንሽ ፍም በተንኩ። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ሲነድበት ያየ ሰው ይሄ አይገርመውም።

ኬኩ በሰለ። መሃሉ ግን ሰርጉዷል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሙቀት ሲቋረጥበት ያበጠው መሃል ዝቅ ብሎ ቀረ። ሚስቴ ጉድጓዱን አየችና ምንም ሳትል ማንጎ ከትፋ ሞላችው። ሕፃናቱ ሆን ተብሎ የተሠራ መሰላቸው። በማግስቱ የአንዷ ልጅ እናት አሠራሩን ጠየቀችኝ። ድስቱን ነገርኳት፣ ጉድጓዱን አልነገርኳትም። አሁንም ኬክ ስጋግር ብዙ ጊዜ በድስት ነው፤ ከኦቨኑ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ፈጢራን እስካሁን ያቆየሁት ስለምፈራው ነው። ድሬ ያደገ ሰው ፈጢራ እቤት እሠራለሁ ሲል ይሳቅበታል፤ ደጅ እየተሠራ፣ ትኩስ ትኩስ፣ ማር ፈሶበት የሚበላ ነገር ነዋ። ስሙም ዓረብኛ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ድሬ ሲደርስ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም ከተማዋ ላይ ቤት ሠራ። ከእነሱ ጋር ዳቦውም ጣፋጩም መጣ፤ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ማድ ቤት ጋር ተጎራበተ። አንድ ጎዳና ላይ ላሆህም፣ ጨጨብሳም፣ ፉልም፣ ፈጢራም ብታገኙ አይግረማችሁ።

የፈጢራ ሊጥ እርሾ የለውም። ሩብ ኪሎ ዱቄት፣ ጨው፣ ውሃ፤ ከዳቦው ሊጥ ለስለስ ይላል። ብዙ መታሸት ይፈልጋል። ከዚያ አራት ቦታ ከፍዬ አድበለብልና በዘይት ለውሼ እተወዋለሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ይሄ ዕረፍት ነው ዋናው። ያላረፈ ሊጥ ሲጎትቱት ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ያረፈው እጅ ይከተላል። ጠረጴዛው ዘይት ይቀባል። ሊጡን በመዳፍ ጠፍጥፌ ከመሃል ወደ ዳር፣ በጣቶቼ ሆድ (በጥፍር አይደለም) እገፋዋለሁ። ከዚያ ጠርዙን ይዤ ዙሪያውን እሳባለሁ። ሲሳሳ ከሥሩ ያለው የጠረጴዛ ቀለም ይታያል። እንቁላል በትንሽ ጨው መትቼ መሃሉ ላይ አፈሳለሁ፣ ከአራት ጎን እንደ ፖስታ አጥፌ መጥበሻ ላይ።

ባለሙያዎቹ ሊጡን አየር ላይ ሲያሽከረክሩት አይታችኋል። እኔም ሞከርኩ። ሁለት ዙር አሪፍ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ከእጄ አምልጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጠፈ፣ ዜና አንባቢው ከነክራቫቱ ሊጥ ለበሰ። ልጆቹ እስከ ዛሬ «ባባ፣ ወርውር!» ይሉኛል። አልወረውርም።

ባለፈው እሑድ አራተኛው ሊጥ ላይ አንድም ቦታ ሳይቀደድ ሳስቶልኝ ወጣ። ትንሿ «ቆይ፣ አትጠፈው» አለችና በሁለት እጇ አንዱን ጠርዝ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። መስኮቱ ጋ አነሳነው። እህቷ ከወዲያ ቆማ ምላሷን አወጣች።

«ታየሽኝ! አፍንጫሽም ታየኝ!»

ከዚያ በጣቷ በሳችው። እንቁላሉ በቀዳዳው ፈሶ መጥበሻው ላይ ጠርዝ ጠርዙን ተጠበሰልን፣ ማር አፈሰስንበት፣ መጀመሪያ ያለቀው እሱ ነው።