ቅዱስ ሚካኤል በአሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ደረሰልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጂኦግራፊ መምህር ስለነበረ፣ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ የኖረውን፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለውን የዳሎልን ምድር በዓይኑ ለማየት ይመኝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር እኔና ወንድሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሁለት መኪና ሆነን፣ በዚያው ዕለት ለመመለስ አስበን፣ አባታችንን ይዘን ሌሊት ከመቀሌ ተነሣን። በበርሃሌ በኩል ቁልቁል ወርደን ዳሎል ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም ነበር።

ቦታውን ያላየ ሰው ቀለሙን ስነግረው የማጋንን ይመስለዋል። አባቴ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ የጨው ቅርፊቱ ከእግራችን ሥር እንደ ቆሎ እየተንኮሻኮሸ፣ ቢጫው ድኝ፣ ቀዩና ቡናማው የዛገ ብረት፣ ነጩ ደግሞ ጨው መሆኑን ያስረዳን ጀመር። አረንጓዴዎቹ ኩሬዎች ብርቱ አሲድ ስለሆኑ ማንም እጁን እንዳይነክር ተቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የታመቀ እንፋሎት ፈንድቶ የፈጠረውን ጉድጓድም አነሣልን። የድኙ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እርሱ ግን ማስተማሩን አልተወም።

ችግሩ የደረሰው ከቀትር በኋላ፣ በአሳሌ ሐይቅ ዳር ነው። የፊተኛው መኪና የውሃችንን አብዛኛውን ይዞ ወደ ሐመድ ኤላ ቀደመን። የእኛ መኪና ንፋስ ገፍቶ ባመጣው ውሃ የራሰ ጨው ላይ ሲደርስ ቅርፊቱ ተሰበረና ጎማዎቹ ሰመጡ። ስልክ አይሠራም። ሾፌሩ ለመውጣት ሲታገል ሞተሩ ስለጋለ ማቀዝቀዣውን አጠፋው። ጥቂት ቆይቶ አባቴ ላቡ ደረቀ፤ ግንባሩን ስነካው ያቃጥላል። ቀና ብሎ አየኝና በሟቿ እናቴ ስም ጠርቶ፣ «ልጆቹ ምሳ በሉ?» አለኝ። ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ።

የቀረችንን ውሃ ነጠላዬ ላይ አፍስሼ ደረቱን ሸፈንኩና ጨው ላይ ተንበርክኬ፣ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ እስራኤልን በምድረ በዳ የመራህ፣ አባቴን እዚህ አታስቀርብኝ፤ መጋረጃ አገባልሃለሁ፣ ተአምርህንም እመሰክራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ወንድሜ «አቡነ ዘበሰማያት» እያለ ያለቅስ ነበር።

ሾፌሩ ቅፍለት በዚህ በኩል አያልፍም ብሎን ነበር። ጸሎቱን ገና ሳንጨርስ ግን አሞሌ የተጫኑ ግመሎች ሰልፍ በቀጥታ ወደ እኛ ሲመጣ አየን። አንድ አረጋዊ አፋር ከጓደኞቻቸው ተነጥለው መጡና አባቴን አንዴ አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁ ጀሪካናቸውን ፈተው ከራሱ ጀምረው አፈሰሱበት፤ ለግመል ነጂዎቹ መንገድ የያዙትን ውሃ ማለት ነው። ወጣቶቹ የጨው ንጣፍ በሚፈነቅሉባቸው ረጃጅም እንጨቶች ጎማዎቹን ከፍ አደረጉ። ከሥሩ የሚነጠፍ ድንጋይ በዚያ ሜዳ ስለማይገኝ፣ ሽማግሌው ከገዛ ግመላቸው ላይ ተጠርበው የተሰናዱ አሞሌዎች አውርደው አነጠፉ። መኪናው ሲወጣ አሞሌዎቹ ደቀቁ። ዋጋቸውን እንዲቀበሉ ለመንናቸው፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው «አላህ ነው» አሉና ግመላቸውን ሳቡ።

ይህን አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። እኔ የለመንኩት በቅዱስ ሚካኤል ስም ነው፤ እግዚአብሔር የላከልን ደግሞ እኒያን ሙስሊም አባት ነው፤ ሁለቱም በልቤ ተስማምተው ይኖራሉ።

አባቴ መንገድ ላይ ባገኘነው ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተደርጎለት ሲመሽ ስሜን አስተካክሎ ጠራኝ። በሰኔ 12 የቅዱስ ሚካኤል በዓል መጋረጃውን ተሸክሞ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑን በእግሩ የገባው እርሱ ራሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።